ቃሬዛውም ተራውን ይጠብቅ

በቤቴ በር ሥር አንድ የወፍጮ መጅ ስባሪ አለ። ነፋስ በሩን እንዳያላጋው የማስደግፍበት ነው። እንግዳ ሲገባ በእግሩ ገፋ አድርጎት ያልፋል፤ እኔ እንደገና ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ከባለቤቴ የቀረኝ ነገር ብዙ ነው። የሠራው የበግ ጠጉር ባና አለ፣ የሽመና ዕቃው አለ፣ በቅሎዋ አለች። ስለ አሟሟቱ የሚያስታውሰኝ ግን ይህ ድንጋይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ። ይህን ለመጻፍ ያንሳል አልልም።

ጤና ጣቢያችን ከቤቴ በእኔ እግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ከቆላው የሚመጡት ሰዎች ግን ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ነው የሚደርሱት። በሩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድሮ በሩ ሲከፈት የሚገባው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ትከሻው የሰፋው ነበር። ወይም ዘበኛውን የሚያውቀው፤ ወይም ዘመዱ ወረዳ የሚሠራለት። ከቆላ የመጡ እናቶች ውርጩ ላይ ተኮራምተው ቆመው፣ ከከተማው ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው ገፍቷቸው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። በልጅነቴም እንጀራ ሲታደል ቁራሹ እኩል ካልሆነ የምጮህ እኔ ነበርኩ፤ ለእኔ ባነሰ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ባነሰ ጊዜ።

አንድ ጠዋት ለደም ብዛት መድኃኒቴ ሄጄ ስጠብቅ፣ ኮት የደረበች ሴት ሁላችንንም አልፋ ልትገባ ስትል በሩ መሐል ቆምኩ።

«ዞር ይበሉ እማማ፣ እቸኩላለሁ» አለችኝ።

«እኛስ ለሽርሽር የመጣን መሰለሽ?»

ዘበኛው ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። «ክንዴን ብትነካ እዚሁ በሩ ላይ እተኛለሁ፤ ከዚያ በሆዴ ላይ ተራምዳ ትግባ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋም ፊቷ ቀልቶ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ድንጋዩን ያመጣሁት በዚያው ቀን ነው። ወፍጮ ቤት ስንሄድ እህላችንን በየስልቻው እናሰልፍና እኛ ጥግ ይዘን እንቀመጣለን። የስልቻውን ተራ ማንም አያፋልስም። «እዚህስ ለምን አይሆንም?» አልኩ። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ድንጋይ ያምጣ፤ ከበሩ ጀምሮ በአጥሩ ሥር ይደርድር፤ እሱ ራሱ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ዘበኛው የፊተኛውን ድንጋይ አንስቶ «የማን ነው?» ይበል፤ ባለቤቱ ተነስቶ ይግባ። ሳይነሳ የመሸ ድንጋይ እዚያው ይደር፣ በማግስቱ ከዚያ ይቀጥል፤ የአርቡ ወደ ሰኞ ይሻገር። በአንድ ወር ውስጥ ሰው ሁሉ ለመደው። አንዱ በድንጋዩ ላይ ክር ያስራል፣ ሌላዋ ከምድጃዋ የጠቆረ ጉልቻ ይዛ ትመጣለች። ዘበኛው እንኳ «እማማ፣ የእርስዎ ድንጋይ ከእኔ ዱላ ይሻላል» ይለኝ ጀመር።

ለባለቤቴ ይህን ስነግረው ሽመናው ላይ እንደ ተቀመጠ ሳቀብኝ።

«አንቺን ዳኛ አድርገው ቢሾሙሽ መጀመሪያ የምትፈርጂው በእኔ ነው» አለኝ።

«ጥፋት ካለብህ፣ አዎ።»

«ባይኖርብኝስ?»

«ያን ጊዜም እንዳላደላ ብዬ አስጠብቅሃለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

አንድ ነገር ብቻ ከድንጋዩ ውጭ ነበር፤ እሱም ቃሬዛ ነው። በእኛ አገር መራመድ ያቃተውን በሽተኛ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያደርሰዋል። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላ አራት ለመቀየር ከኋላ ይከተላል። ቃሬዛ ሲያልፍ መንገደኛ ቆሞ «እግዜር ይማርዎ» ይላል። እና ቃሬዛ የመጣ እንደ ሆነ ያለ ድንጋይ በቀጥታ ይገባ ነበር። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ ቀድሞም እንዲሁ ነበር።

ነገር ግን ድንጋዩ ከተጀመረ በኋላ ቃሬዛው በዛ። አንድ የገበያ ቀን፣ ግማሽ ፊቱን በጋቢ የሸፈነ ሰው በአራት ጎረምሶች ትከሻ ላይ ሆኖ እያቃሰተ መጣ። ሁላችንም ተነስተን መንገድ ለቀቅንለት፤ እኔ እንኳ ለነፍሱ ጸለይኩ። ከቀትር በኋላ ገበያ ስገባ፣ ያው ሰው የአንድ ሙክት ቀንድ ይዞ ቆሞ ይከራከራል።

«ጠዋት በቃሬዛ ላይ ሲያቃስቱ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» አልኩት።

«እኔ ነኝ እማማ!» አለኝ ሳያፍር። «ይህ የመንግሥት መድኃኒት እኮ ጉድ ነው፤ ወዲያው ሠራ!»

በዙሪያው ያለ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ጠዋት ከእሱ ኋላ የቀሩት አንዲት አሮጊት ሳይታዩ እንደ ተመለሱ አውቃለሁ። በማግስቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሄጄ ይህን ሁሉ ለሰው ተናገርኩ። ዘበኛው አመነታ።

«እማማ፣ ቃሬዛ እኮ ነው» አለ።

«ቃሬዛውም ተራውን ይጠብቅ» አልኩ። «እውነተኛውን ከውሸተኛው የምትለየው አንተ ነህ? እኔ ነኝ? ማንም አይደለም። እንግዲያው ሁሉም ድንጋይ ያስቀምጥ።»

ሰው አጨበጨበልኝ። እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። ቤቴ እስክደርስ ዳገቱ እግሬን አልተሰማውም። ውስጥ ያሉት ሐኪሞች ይህን ሕግ አላወቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ከበሩ ውጭ ያለው የእኛ ነው ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ከእርከን ላይ ወድቃ እግሯ ቆስሎና አብጦ በቃሬዛ መጣች። ተሸካሚዎቿ ለመኑኝ፤ ዘበኛውን ሳይሆን እኔን ነው የለመኑት። እምቢ አልኩ። ሴትየዋ ቃሬዛው ላይ እንደ ተጋደመች ዝንብ እያባረረች እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቀች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ታክማ ተሻላት። ስለ ተሻላትም ሕጉ ልክ መሆኑ የተረጋገጠ መሰለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ ታመመ።

እሱ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በብሽሽቱ እብጠት ነበረው፤ ሰው ቡአ የሚለው ነው። ገብስ ሲሸከምና ሲያስል ወጣ ይላል፤ ጋደም ብሎ በእጁ ገፋ ሲያደርገው ይመለሳል። ከእኔ በቀር የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። «ታከም» ስለው «ለእነዚያ ልጆች ሱሪዬን ልፍታላቸው?» ይለኛል። በዕድሜ ልጆቹ የሚሆኑትን ሐኪሞች ማለቱ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ስጫነው ኖሬ በዚህ አልተጫንኩትም። እኔም አፍሬለት ነበር።

ያን ሐሙስ ማታ እብጠቱ ወጣ፤ አልመለስ አለ። አርብ ሲነጋ የቀመሰው ውኃ ሁሉ ይመለስበት ጀመር። ፊቱ አመድ መሰለ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡና ቃሬዛውን ከተሰቀለበት ሊያወርዱ ሲሄዱ ጠራኋቸው።

«ተዉት፤ በበቅሎ ይሄዳል» አልኩ።

አንዲት አብራኝ ያደገች ጎረቤት አለችኝ፤ ፊት ለፊት የምትናገረኝ እሷ ብቻ ናት። «ይህ ሰው በቅሎ ላይ ይቀመጣል? ዓይንሽ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ቃሬዛም ተራ ይጠብቃል። ምን ይጠቅመዋል?»

ይህን ያለው አፌ ነው። ልቤ ያየው በጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀመጠውን ሰው ነበር። «ያቺ ሴትዮ ዛሬ ባሏን በቃሬዛ ይዛ መጣች፣ እስኪ ሕጓን እንይ» ብለው ሲጠቃቀሱ ታየኝ። ያን ዓይን ፈራሁ። ባለቤቴም «በቅሎዋ ትበቃኛለች» አለ። ለእኔ ብሎ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ከቤት ስንወጣ ማንም እንዳያምታታብኝ ከደጅ የመጁን ስባሪ አንስቼ ያዝኩ።

በመንገዱ ሁሉ በበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍቶ ሄደ። በየጉድባው ትንፋሹ ሲቆረጥ እሰማለሁ። ስንደርስ አሥር ድንጋይ ተደርድሯል። የመጁን ስባሪ አሥራ አንደኛ አድርጌ አኖርኩት። ባለቤቴን አጥሩ ሥር ባናውን አልብሼ አስቀመጥኩት።

ዘበኛው መጣ። «አባባ ምን ሆኑ?»

«ሆዱን ነው» አልኩ።

«ሆዴን ነው» አለ እሱም።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «እማማ፣ እስኪ ለሲስተር ልንገርላቸው። ፊታቸው ደስ አይልም።»

«የዚያን ዕለት ለዚያች ሴት እምቢ ብለን ዛሬ ለማን ስትል ነው?»

ያቺ ሴት እዚያው ነበረች። እግሯን ልታሳጥብ መጥታ ድንጋይዋ አራተኛ ነው። ሰምታን ነበርና በዱላዋ እየተደገፈች መጣች።

«እማማ፣ የእኔን ተራ ይውሰዱ። እኔ ቁስል ላሳጥብ ነው፤ ብቆይም ምንም አልሆን» አለችኝ።

አሁን ሳስበው ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ ግን በሰው ፊት ልትወጋኝ የመጣች መሰለኝ። ይቅር ባይ መስላ ልታሳፍረኝ።

«ተራሽን ያዢ። ምጽዋት አልጠየቅንሽም» አልኳት።

«ምጽዋት አላልኩም እኮ። ሰውየው እያቃሰቱ ነው።»

«ሁሉም ታሞ ነው የመጣው!»

እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። ባለቤቴ የባናውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ነበር።

አርብ የምሳ ሰዓት ከሌላው ቀን ይረዝማል፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ስምንት ድንጋይ እንደ ተነሳ በሩ ተዘጋ። ከፊታችን ሁለት ቀሩ። እነዚያን ሁለት ሰዓታት አጥሩ ሥር አሳለፍናቸው። ፀሐይዋ ብትወጣም ነፋሱ ያንዘፈዝፋል። ሌላው ሰው ስንቁን ፈትቶ በላ።

«ዳኛዬ» አለኝ ባለቤቴ ዓይኑን ሳይከፍት። «ፍርዱ መቼ ነው?»

«ከምሳ በኋላ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ።

ከምሳ በኋላ የተመለሰችው አንዲት ሲስተር ብቻ ናት። ሰው ሁሉ ዶክተር የሚለው፣ እሱ ግን «ዶክተር አይደለሁም» የሚለው ጤና መኮንን ወረዳ ስብሰባ ተጠርቷል። ሌላው ነርስ ለክትባት ወደ ገጠር ወጥቷል። ሲስተሯ ገና የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳታስጠራ ምጥ የጠናባት ሴት መጣች። ወላድ የምትገባው በጀርባ በር ነው፤ በዚህ ማንም ተከራክሮ አያውቅም። ሲስተሯ ገባች፣ አልወጣችም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ፣ አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ መጣ።

«ሲስተር ገና ናት። ድንጋዮቹ ይቆዩ፣ ሰኞ ከዚህ እንቀጥላለን» አለ።

«ቅዳሜስ?» አለ ከፊታችን ያለው ሰው።

«ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ማንበብ የማይችሉት እኔን ይጠይቁኛል። «የሥራ ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ አርብ» ይላል። ለስንቱ አንብቤለታለሁ። ዘበኛውም አላረመኝም። በዝግ ቀን የሚቆየው ተረኛ ባለሙያ ለወላድ ብቻ እንደ ሆነ ሁላችንም እናምን ነበር።

እንደገና በበቅሎዋ ተመለስን።

ቅዳሜ ጠዋት «ተሻለኝ» አለ። እውነትም ሕመሙ ጋብ ብሎለት ነበር። ደስታዬን መናገር አልችልም። አጥሚት ሠራሁለት፤ ሁለት ማንኪያ ወሰደና «ጥሩ ነው» አለ። ሰኞ ቢደርስም አይጎዳም፣ ተራችንም ሦስተኛ ነው፣ ብዬ አሰብኩ። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩን ብነካው ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ባናውን ገልጬ እብጠቱን አየሁት፤ ጠቁሯል። ጮህኩ።

ጎረቤቴ እየሮጠች ገባች። አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «አሁንስ ቃሬዛው ይውረድ? ወይስ ሰኞን እንጠብቅ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይህን በመናገሯ አልተቀየምኳትም።

በቃሬዛ ወሰዱት። መንገደኛው ቆሞ «እግዜር ይማርዎ» አለ። በዝጉ በር ላይ ድንጋዮቹ እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ የእኛም ሦስተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ዘበኛው ቃሬዛውን ሲያይ አንድ ነገር ሳይጠይቅ የጀርባውን በር ከፈተ። ያቺው ሲስተር ነበረች ተረኛዋ። ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«ሆዴን ነው» አላት።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ሆዱን አይደለም! ብሽሽቱን እዪው!» ብዬ ባናውን ገፈፍኩት። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲስተሯ በጣቷ ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«መቼ ጀመራቸው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ታዲያ ትናንት የት ነበራችሁ?»

«እዚህ። በሩ ላይ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።»

መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ይህን ይዘው በር ላይ? እንዲህ ያለ ሕመም እኮ ተራ የለውም! በሥራ ሰዓትም ቢሆን፣ ቅዳሜም ቢሆን፣ እሁድም ቢሆን ይገባል። ማን ነው ተራ ጠብቁ ያላችሁ?»

ተሸካሚዎቹ መሬት መሬት አዩ። ዘበኛው ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አይ እናቴ፣ እርስዎን አይደለም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን ነው ማለቴ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዞር ብላ ጉሉኮስ መስቀል ጀመረች።

አምቡላንሱ ያቺን ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄዷል። ሲስተሯ ደጋግማ ደወለች፤ ሪፈሩን ጻፈች፤ እንደገና ደወለች። ሲመለስ ቀትር ሆኗል። ባለቤቴን ስንጭነው ዓይኑን ከፈተና «በቅሎዋን ውኃ ያጠጣት አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ማን እንዳጠጣት አላውቅም ነበር። ሆስፒታሉ ካለበት ከመሐል ሜዳ ከተማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን እጁ በእጄ ላይ ከበደ። ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ «አርብ ጠዋት ደርሰው ቢሆን» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። እኔ ግን የቀረውን ሰምቼዋለሁ።

እሁድ ቀበርነው።

ማክሰኞ ዘበኛው ለቅሶ መጣ። ብዙ ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ የመጁን ስባሪ አወጣና መደቡ ላይ አኖረው።

«ሰኞ ጠዋት ሁለቱን አስገባሁ» አለ። «ሦስተኛው ይህ ነበር። አውቄዋለሁ እማማ፤ የማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ግን ልማድ ሆኖብኝ አነሳሁና የማን ነው አልኩ። ከኋላ ያለው ሰው እንኳ ልግባ አላለም። ብዙ ቆምን።»

«ጠላ ቅመስ» አልኩት።

ከአርባው በኋላ መድኃኒቴን ልወስድ ሄድኩ። ድንጋዬን ካስቀመጥኩ በኋላ የበሩ ወረቀት ፊት ቆሜ፣ ይህን ያህል ጊዜ ከላዩ ብቻ አንብቤ የተውኩትን ወረቀት እስከ ታች አነበብኩት። ታች በደቃቅ ፊደል «ከሥራ ሰዓት ውጭ ለድንገተኛ ሕመም ተረኛ ባለሙያ በጀርባ በር አለ» ይላል። ፀሐይ አደብዝዞታል፤ ግን ይነበባል። ያን ዕለት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ቃሬዛም ይለፍ። የጠናበት ሁሉ ይለፍ። ያን ሕግ አንስቼዋለሁ» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ብቻ «እሱ ሙክት ሻጩ ሲመጣስ?» አለኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቃሬዛ በቃሬዛ ላይ መጣ አሉ። ሰው ተጣልቶ ዘበኛው ተፈነከተ። ቃሬዛም ድንጋይ ያስቀምጥ የሚለው እንደገና ተመለሰ፤ የመለሱት እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ያቺ ሲስተር ግን ለጥቂት ወራት በየጠዋቱ እየወጣች ድንጋዮቹን ሳይሆን ሰዎቹን ታይ ነበር። አንድ በአንድ እየጠየቀች የጠናበትን ትመርጣለች፤ ነጭ ጋውን ለብሳ ስለምትመርጥ ማንም አያጉረመርምም። በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። በእሷ ቦታ የመጣው ልጅ ጎበዝ ነው ይላሉ፤ ከክፍሉ ግን አይወጣም፤ ሥራው በዝቶበት ነው።

በዚህ ወር እንደገና ሄድኩ። አሥራ አራት ድንጋይ ነበር። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሲስተሯ ታደርግ እንደ ነበረው «ምን ያምዎታል?» እያልኩ ዞርኩ። «እማማ፣ መርፌውን ይዘው መጡ?» እያሉ ሳቁብኝ። ከሁሉ መጨረሻ፣ አጥሩ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ተጎንብሰው ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰዋል።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። «ሆዴን ነው» አሉ።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «ብሽሽትዎን ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ምን ይላሉ እርስዎ ሴትዮ! ሆዴን ነው አልኩ እኮ!» ብለው ጮሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የጆሯቸው ጫፍ ቀላ።

ድንጋያቸው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቅኩ። ማንም አልነገረኝም፤ የመጨረሻው መሆን ስላለበት የመጨረሻውን አነሳሁ። ወስጄ ከሁሉ ፊት፣ በሩ ሥር አኖርኩት።

«ምን እየሆነ ነው?» አለ አንዱ። «ተራ አለ እኮ!» አለች ሌላዋ። «ድንጋይ ተነሳ!» እያሉ ተነሱ። አንድ ጎረምሳ፣ እኔን የማያውቅ፣ «ኧረ እዚህ ቦታ ሕግ አለ እማማ!» አለኝ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ!» አልኩት። «ሰውየው ይሞታሉ! ባለቤቴ እንደዚህ ነው የሞተው፣ እዚሁ ተራ ሲጠብቅ!»

ጫጫታው ቀዝቀዝ አለ። አንዳንዶቹ ወደ ሽማግሌው ተመለከቱ። ዘበኛው ከውስጥ ሰምቶ በሩን ከፈተ። አየኝ፤ ድንጋዩን አየ፤ አጎንብሶ አነሳው።

«የማን ነው?» አለ።

ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ቀስ እያሉ፣ እግራቸውን ለያይተው እየረገጡ መጡ። ዘበኛው ፊት ደረሱ፤ ድንጋዩን ከእጁ ተቀበሉ።

«እኔ የሰው ተራ አልበላም» አሉ። «ይህቺ ሴትዮ ምን እንደምትል አላውቅም።»

ተመልሰው ሄዱ። ድንጋያቸውን አሥራ አራተኛው ላይ፣ ከነበረበት ቦታ አኖሩት፤ አጠገቡም ተቀመጡ። ሰው ሁሉ «ጨዋ ሰው ናቸው» አለ።

እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዕለቱ አርብ ነበር፤ በሩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።